ጽዋው እኛ ቤት የደረሰ ዓመት

አማቴ ጠላ ሲቀምሱ ያላየ ሰው ዳኛ አየሁ ብሎ አያውራ። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ ያደርጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ያሸቱታል። ከዚያ በከንፈራቸው ጫፍ ብቻ ነካ ያደርጉታል። ጠማቂዋ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። «ጥርት ያለ ነው» ካሉ ያቺ ሴት እስከ ፋሲካ ድረስ አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ትወጣለች። «ጉሽ ነው» ካሉ ግን ጉድ ፈላ! ወሬው ከእሷ ቀድሞ መካነ ሰላምን ይዞራል።

እኔ ከኩታበር ተድሬ ስመጣ ይህን ማን ነግሮኝ! ሙሽርነቴ ሳያልቅ የመጀመሪያ ጠላዬን ጠምቄ በኩራት አቀረብኩላቸው። ብርጭቆውን ከፍ አደረጉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡትና «የኔ ልጅ፣ ኩታበር ወንፊት የለም እንዴ?» አሉኝ። አቤት የተናደድኩት! ባለቤቴ ደግሞ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ከት ብሎ ይስቃል። ሁለቱንም አኮረፍኳቸው። ከእሳቸው ጋር ግን ኩርፊያ አይዘልቅም ነበር፤ ጥግ ይዤ ስቀመጥ ጉርሻ ጠቅልለው መጥተው በግድ ያጎርሱኛል። አፍ ሞልቶ ደግሞ እንዴት ይኮረፋል?

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሆዳቸው እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። አማቴ የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ፤ ከእናታቸው የወረሱት ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ ሴቶቹ በየተራ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። የነፍስ አባታቸው ይጸልያሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ ከዚያ ጽዋው ይዞራል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት፤ ጠላ ተሞልታ ከአንዷ ወደ አንዷ ትሄዳለች። ሲያበቃ ተረኛዋ ማሰሮዋን ታቅፋ ትነሳለች፤ ሌሎቹ እልል እያሉ እስከ ቤቷ ይሸኟታል። የሚመጣው ወር ድግስ የእሷ ነው። ተረኛዋ ጽዋውን አልቀበልም ካለች ማኅበሩ እዚያው ቆመ ማለት ነው። አማቴ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት ነገር ቢኖር ይህ ነበር። «እናቴ ሳታቋርጥ የሰጠችኝ በእኔ እጅ ይቋረጥ? ከዚያስ አፈር ልብላ!» ይሉ ነበር።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ለእግዚአብሔር መታመን ትልቅ ትልቅ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ገዳም መግባት፣ በድንጋይ መወገር፣ እንዲህ ያለ ነገር። በአማቴ ቤት ግን ታማኝነት ማለት ጌሾ መውቀጥና ጋን በወይራ ማጠን ነበር። ወር በመጣ ቁጥር፣ ቢከፋቸውም ቢያማቸውም፣ እዚያው ቦታቸው ላይ ይገኛሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ ግትርነት ይመስለኝ ነበር፤ ግማሹ ግትርነት እንደነበረም ዛሬም አልክድም።

ከዚያ ሰማዩ ጨከነብን። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም ደጅ ደርሶ እንደተመለሰ እንግዳ ሆነ። እኛ ጋ ከምሥራቁ ወሎ ይሻላል ይባል ነበር። ይሻላል ማለት እኛ በቀን አንዴ እንበላለን ማለት ነው። በአጅባር በኩል የሚመጣው መንገደኛ በየቀኑ በዛ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ ተባለ። ባለቤቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ሬዲዮ ነበረው፤ ሬዲዮው ጠዋት ማታ ማርሽ ይመታል። አንድ ቀን ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «እማዬ፣ ለውጥ መጣ!» ብሎ ጮኸ።

«ገብስ ይዞ መጣ?» አሉት አማቴ።

«ኧረ ገና ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ይዞ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉና ጋደም አሉ።

«ገብስ» አሉት እንጂ፣ ገብስስ ነበረን። ጓዳ ውስጥ አማቴ ሞልተው አፏን በጭቃ የመረጓት አንዲት እንስራ ነበረች። የኅዳር ጽዮን ተራ የእኛ ስለሆነ የጠላው እህል እሷ ናት። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። ሳማና ጎመን፣ ጎመንና ሳማ ስበላ ከርሜ እንስራዋን ባየሁ ቁጥር ምራቄ ይሞላል። በመጨረሻ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ትንሽ ቆሎ ብቻ፤ አንዲት እፍኝ» አልኳቸው።

«የእመቤታችን ነው» አሉኝ።

«እመቤታችንም እኮ አርግዛ ታውቃለች!»

አፌ ነው እንግዲህ፣ ምን ላድርገው። አማቴ ደንግጠው አማተቡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እየሳቁ እንደሆነ ገባኝ። ገብሱን ግን አልሰጡኝም።

ጠላው መጠንሰስ የነበረበት ሳምንት ደረሰ። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጥታ አጥራችን ሥር ቁጭ አለች። አማቴ ወጥተው ከየት እንደመጣች ጠየቋት። ከሩቅ ነው፤ ወንድሟ ከላላ በሚባል አገር አለ፣ ወደ እሱ እየሄደች ነው። ልጁ ጀርባዋ ላይ ዓይኑን ገልጦ ዝም ብሏል። እኔን ያስፈራኝ ያ ዝምታው ነው። ልጅ በራበው ጊዜ ማልቀስ አለበት፤ የእሱ ግን ማልቀሻውም አልቆ ነበር።

አማቴ ተመልሰው ገቡ። ጓዳ ገብተው እንስራዋ ፊት ቆሙ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ለካ ዘነዘናውን እየፈለጉ ነው! አንስተው የእንስራዋን አፍ ጭቃ አንድ ጊዜ ሲመቱት ፍርስርሱ ወጣ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ውሃ ጣጂ እንጂ!» አሉኝ።

ፈጭተን አጥሚት ሠራን። ለልጁ በጣታችን ጫፍ፣ ጠብ እያደረግን ሰጠነው። ወደ ማታ ላይ ያ ልጅ አፉን ከፍቶ አለቀሰ፤ እሪ ብሎ ነው ያለቀሰው። እኔና አማቴ የሰርግ ዘፈን የሰማን ይመስል ተያይተን ሳቅን። በማግስቱ ሌሎች መንገደኞች መጡ። ከዚያም ሌሎች። አማቴ እንስራዋን አንዴ ከከፈቷት በኋላ ለማን ይበቃል ለማን አይበቃም የሚል ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። ለእኔም ደረሰኝ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ አጥሚት የጣፈጠኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም። ሴትዮዋ ልጇ በረታ ሲል ወደ ከላላ ለመሄድ ተነሳች። አማቴ የመጨረሻዋን ዱቄት በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት፤ እሷም የእሳቸውን እጅ ሳይሆን የበሩን ደፍ ስማ ሄደች።

እንስራዋ ባዶ ሆነች። የዚያን ጊዜ አማቴ ፍርሃት ያዛቸው።

ፍርሃታቸው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከእኛ ቀጥለው ተረኛ የነበሩት የማኅበሩ ሙሴ ናቸው። ሙሴ የምንላት የማኅበሩን ሥርዓት የምትጠብቀዋን፣ ጽዋውንም ከሁሉ አስቀድማ የምትቀምሰዋን ነው። አምና በእኚህ ሴት ተራ፣ አማቴ ልማዳቸው አይደል፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው «ይሄ ጉሽ ነው፤ ለእመቤታችን ቀርቶ ለደቦ አራሽም አይሰጥ» ብለው ነበር። ያውም በሰው ሁሉ ፊት። ሙሴዋ ያን ቀን መልስ አልሰጡም። ዓመቱን ሙሉ ግን ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ «ደኅና አደርሽ» ብለው ወዲያው ዘወር ነው። አሁን አማቴ በእኚህ ሴት ፊት ባዶ ማሰሮ ሊያቀርቡ ነው።

«ገብሱን በመስጠቴ አልተጸጸትኩም» አሉኝ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው። «ግን እንዴት አድርጌ ነው ፊቷን የማየው?»

ያዳነን አጥሩ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ ከአማቴ ጋር አብረው ወልደው አብረው ያረጁ። ለፋሲካ ከእኛ ቤት ዶሮ ከነነፍሷ ትላክላቸዋለች፤ በራሳቸው ሰው አሳርደው ይበላሉ። ለዐረፋም እነሱ እንደዚያው ያደርጉልናል። ያን ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብለው «ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ የጠፋው? አንቺ ካልጮህሽ እኮ ለእኔ አይነጋልኝም» አሉ። አማቴ ሁሉንም ነገሯቸው።

«ሱብሐነላህ! ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አሉ ጎረቤታችን። «አብሽሪ! ቃሪቦ አለ አይደል?»

ቃሪቦ እስላሞቹ በበዓል የሚጠጡት ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይቀቀላል፣ ይጠልላል፣ ትንሽ ስኳር ይጣልበታል። አያሰክርም፤ እንደ ጠላ ብዙ ገብስ አይፈጅም፤ ብዙ ቀንም አይጠብቅም። አማቴ ግን ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ለጽዋ? የእስላም መጠጥ?»

«ወላሂ የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱን አንቺም እኔም ከአንድ ገበያ ነው የሸመትነው። ለዐረፋ ያስቀመጥኳት ጥቂት አለችኝ።»

«ያንቺን በዓል ጠጥቼ የኔን ላከብር?»

«ለዐረፋ አላህ ያውቃል። የእናንተ ይቀድማል አይደል? የኔ ተራ ሲደርስ አትርሺኝ እንጂ!» ብለው ጎረቤታችን ሳቁ።

አማቴ ግን ልባቸው አልረጋም። ነጠላቸውን አጣፍተው የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ሆዴን ይዤ ተከተልኩ። አባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አማቴ ስለ ቃሪቦው ሲያወሩ ድምፃቸው እንደ ኑዛዜ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ገብስ ማተብ ያስራል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ አባ። «በስሟ ያላችሁን አቅርቡ። የሌላችሁን ማን ጠየቃችሁ?»

ይህ የአባ ቃል እኔን ከአማቴ ይበልጥ ነው የነካኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለው መርካት ማለት ተስፋ መቁረጥ ይመስለኝ ነበር፤ ምንም የማያምረው ሰው «ተመስገን» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ነገር። አማቴ ግን የዚያን ዕለት ከአባ ቤት ሲወጡ እጃቸውን አላጣጠፉም። መንገድ ላይ እየሮጡ ነበር ማለት ይቻላል፤ እኔ እርጉዟ ከኋላ እያለከለክሁ «እማማ፣ ኧረ ቀስ!» እላለሁ። የሌላቸውን ማሰብ ሲተዉ ጉልበታቸው ተመለሰ። ያለችውን ገብስ ለመቁላት ነው የሚጣደፉት።

ጎረቤታችንና አማቴ ቃሪቦውን አብረው ሠሩት። ሲቆሉ ተጨቃጨቁ፣ ሲያጠልሉ ተጨቃጨቁ። «አሁንስ አቃጠልሽው!» ይላሉ አማቴ፤ «መቃጠል አለበት እኮ ነው የምልሽ፣ ያ ረቢ!» ይላሉ ጎረቤታችን። ከዚያ ሰሞን ሁሉ ቤታችን ውስጥ ደስታ የነበረው ያን ቀን ነው።

የጽዮን ዕለት ሴቶቹ መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ነጠላቸው ግን ታጥቦ ነጭ ነው። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ስለ ቅቤውም ስለ ሥጋውም ማፈር አላስፈለገም፤ ጾሙ ገመናችንን ሸፈነልን። ዳቦዋ ትንሽ ነበረች፤ አባ ባርከው ለሁሉ እንድትዳረስ አድርገው ቆረሷት። ጎረቤታችን በሩ አጠገብ ከእኔና ከአማቴ ጋር ተቀምጠዋል። ከዚያ አባ የማሰሮዋን ጨርቅ ገለጡ፤ ጸልየው ባረኩና ለሙሴዋ ሰጡ።

አማቴን አየኋቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

ሙሴዋ ጎንጨት አሉ። ቆም አሉ። እንደገና ጎንጨት አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቃሪቦ ነው» አሉ አማቴ። «ጠላ ለመጥመቅ ገብስ አልቆብኝ ነው። የጎረቤቴ ገብስ ነው፣ የጎረቤቴ እጅ ነው።» ሌላ አልጨመሩም። ገብሱ የት እንደገባ አልተናገሩም። እኔ ደሜ ፈላ፤ «ገብሱን እኮ...» ብዬ ልጀምር ስል አማቴ ጭኔን ቆነጠጡኝ። ቁንጥጫውስ ቁንጥጫ ነበር! የሰጡትን ምጽዋት ማውራት ከጉሽ ጠላ ይልቅ ይጠሉት ነበር።

ሙሴዋ ማሰሮዋን እንዳቀፉ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሁላችንም ደነገጥን።

«እኔ ዛሬ የመጣሁት ልሰናበታችሁ ነበር» አሉ። «ተራው የኔ ነው፤ ጽዋውን አልቀበልም፣ ማኅበሩ ይቅር ልል ነበር። ቤቴ ውስጥ አንድ ፍሬ እህል የለም።» ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩ። «ረኃቡንስ እችለዋለሁ። ያንቺን አንድ ዓይን ግን አልችለውም።»

አማቴ እንደዚያ ሲደነግጡ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼ አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጽዋው እንዳይቋረጥ ጌሾ ወቅጠዋል፣ ጋን አጥነዋል፤ ለካ ሊያቋርጡት የነበሩት ራሳቸው ናቸው። ድርቁም ለውጡም ሳይሆን፣ ያ ብርጭቆ ማንሳታቸው። ብድግ አሉ። ሄደው የሙሴዋ ጉልበት ላይ ወደቁ።

«ስለ ማርያም ይቅር በይኝ» አሉ። «ውሃ ቅጂና ጥሪኝ። ውሃም ቢሆን እመጣለሁ፤ ጎንበስ ብዬ እጠጣለሁ።»

«ይፍታሽ፣ ተነሽ፣ ተነሽ» ይላሉ ሙሴዋ፤ አማቴ አልነሳም ይላሉ። አንዳቸው እያነሱ አንዳቸው እየወደቁ ሁለቱም ማልቀስና መሳቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ሙሴዋ ማሰሮዋን ታቅፈው ወጡ፤ ተከትለን ሸኘናቸው። ከሁላችን ይልቅ ድምፃቸው ሰማይ የነካው የጎረቤታችን እልልታ ነበር።

ሰው በስተርጅና አያድግም የሚል ሰው አማቴን በዚያ ወር ቢያያቸው ጥሩ ነበር። ያቺን ምላሳቸውን ሲገሩ ማየት ወይፈን እርሻ ሲለማመድ እንደማየት ነው። እኔ የሠራሁትን ጎመን ቀምሰው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጉታል፤ «ተመስገን» ይላሉ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጨው ሳልጨምር አቀረብኩላቸው፤ ሰይጣን ነኝ እኮ። አላመጡ፣ አላመጡ፣ «ተመስገን» አሉ፤ ከዚያ አልቻሉም፣ «ጨው ግን በኩታበር የለም እንዴ?» ብለው ፈነዱ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። መንፈሳዊ እድገት ከሚባለው ነገር በዓይኔ ያየሁት ይኸው ነው፤ ቀስ ያለ፣ የሚሰናከል፣ ግን ወደፊት የሚሄድ።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ደረሰና ሙሴዋ ቤት ሄድን። ዳቦው የለም፤ የተቆላች ጥቂት ሽምብራ አለች። አባ ጸለዩ። የማሰሮዋ ጨርቅ ሲገለጥ ውስጧ ውሃ ነበረ። ሙሴዋ ከሌሊት ወርደው ከምንጭ የቀዱት ነው፤ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጣል አድርገውበታል። እሳቸው ቀመሱና ማሰሮዋን ለአማቴ አቀበሉ።

«ብርጭቆ አምጡልኝ» አሉ አማቴ።

ሙሴዋ ቀለማቸው ተለወጠ። አባም ቀና አሉ። ብርጭቆ መጣ። አማቴ ከማሰሮዋ ቀዱበት። ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረጉት። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሸተቱት። በከንፈራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ሙሴዋ የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«እህቴ» አሉ፣ «እንዲህ ጥርት ያለ ጠምቀሽ አታውቂም።»

ከዚያ እስከ ታች ጨልጠው ጠጡትና ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ።